«ተዛማጅ የትምህርት መስክ»፦ ለላሊበላ ድንጋይ ተዛማጁ ማን ነው?

የማስተርስ ማስታወቂያ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወይም ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ፣ ሠንጠረዥ ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት። ብዙዎቻችን የምናነበው በጥድፊያ ነው። የራሳችንን የትምህርት ክፍል ስም እንፈልጋለን፤ ካገኘነው ደስ ይለናል፣ ካጣነው እናልፋለን። ዛሬ ግን ቀስ ብለን እናንብበው። መጽሐፍና ፊልም እንደሚተች ሁሉ ማስታወቂያም ሊተች ይችላል። ለምን ቢባል፣ ይህች አንዲት ገጽ ወረቀት ነገ ማን ምን እንደሚያውቅ የምትወስን ናት።

ትችታችን በደፈናው እንዳይሆን አንድ ልዩ ሙያ እንምረጥ፤ ቅርስ ጥበቃ። መፈተኛ ቦታችን ደግሞ ላስታ፣ ላሊበላ ይሁን። ጥያቄው ቀላል ነው፦ በአገራችን ያለው የማስተርስ መግቢያ መስፈርትና የኮርስ አደረጃጀት ለእነዚህ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚያስፈልገውን ሰው ያፈራል ወይ?

በመጀመሪያ ማስታወቂያው ምን ይላል?

ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ልዩነት ቢኖርም አጥንቱ ይመሳሰላል። አንደኛ፣ ዕውቅና ካለው ተቋም «በተመሳሳይ ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ» የመጀመሪያ ዲግሪ። ሁለተኛ፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ የመውጫ ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ስላለበት፣ እሱም ከኋላችሁ ይከተላል። ሦስተኛ፣ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና። አራተኛ፣ ትራንስክሪፕት፣ ከመሥሪያ ቤት የሚመጣ የስፖንሰር ደብዳቤ ወይም በግል እከፍላለሁ የሚል ቃል፣ አንዳንድ ቦታም የትምህርት ክፍሉ የራሱ ፈተናና ቃለ መጠይቅ።

ከገባችሁ በኋላስ? አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ኮርስ፣ የምርምር ዘዴ፣ ሴሚናር። በሁለተኛው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በተለምዶ ቴሲስ የምንለው። ለመመረቅ አጠቃላይ ውጤታችሁ ከ4 ቢያንስ 3.00 መሆን አለበት።

ትችት ማለት ማጥላላት አይደለምና ለእያንዳንዱ መስፈርት ምክንያት እንዳለው እንቀበል። ፈተናው ለሁሉም አንድ ሲሆን አድልዎን ይቀንሳል። የውጤቱ ገደብ ደግሞ ውድ የሆነው የመምህርና የቤተ ሙከራ ጊዜ ዝም ብሎ እንዳይባክን ይረዳል። ስለዚህ «በሩ ለምን ጠበበ?» አልልም። ልዩ ሙያ በር ያስፈልገዋል። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ በሩ የጠበበው መጥበብ በሌለበት ቦታ ነው። መጥበብ የነበረበት ቦታ ደግሞ ክፍቱን ቀርቷል።

ይህን ለማየት ግን መጀመሪያ ድንጋዩን እንወቀው።

ድንጋዩ ምን ዓይነት ተማሪ ይፈልጋል?

የላስታ ተራሮች የቆሙት ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት እየፈሰሰ በተደራረበ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ላሊበላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት ባዛልት በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ቅልጡ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የነበረው ጋዝ ትቷቸው የሄደ ቀዳዳዎች ናቸው። መንገድ ሲሠራ የሚደለደለውን ቀይ አሽ ታውቁት የለ? የዚያ ዘመድ ነው፤ የላሊበላው ግን ጠጠር ያለ ነው። ለፈልፋዩ ይህ በረከት ነበር፤ መሮና መዶሻ ይቀበላል። ለጠባቂው ግን ፈተና ነው፤ ውሃ ይመጣል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ተመራማሪዎችን ጨምሮ ድንጋዩን ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው የሚጠቁሙት አንድ ጠላት አለ፤ ውሃ። ዝናብ በስንጥቁ ይገባል። ድንጋዩ ከዘመናት ብዛት ውስጡ በከፊል ወደ ሸክላነት ተለውጧል፤ ሸክላ ደግሞ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በየክረምቱ ማበጥ፣ በየበጋው መኮማተር፤ ይህን በ800 ዓመት አባዙት። በውሃው የሟሟ ጨው ካለ ደግሞ ውሃው ሲተን ጨው ቀዳዳው ውስጥ ይጋገርና ድንጋዩን ከውስጥ ይገፋዋል። ከላይ ደግሞ እንደ ሽበት የሚጣበቁት ላይከኖች አሉ።

አሁን ቆም በሉና ይህን አንድ አንቀጽ መልሳችሁ እዩት። ስንጥቁ የጂኦሎጂ ነው። ጨውና ሸክላው የኬሚስትሪ። ላይከኑ የባዮሎጂ። የጣሪያው ተዳፋትና የፍሳሹ ቦይ የሥነ ሕንፃና የሲቪል ምህንድስና። የትኛው ግድግዳ መቼ እንደተጠገነ የታሪክ፤ በግእዝ የተጻፈ ነገር ካለ ደግሞ የፊሎሎጂ። «ይህች ጥግ ሐምሌ ገብርኤል ላይ ሁልጊዜ ትረጥባለች» የሚለውን የሚያውቁት ደግሞ እዚያው ሲቀድሱ ያረጁት ካህን ናቸው። እሳቸው በየትኛውም የትምህርት ክፍል ዝርዝር ውስጥ የሉም።

«ተዛማጅ» ለማን?

በሐሳባችን አንዲት ተመራቂ እንፍጠር። የተወለደችው ላስታ ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምራ ጥሩ ውጤት አምጥታ ተመረቀች። የልጅነቷን ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ማከም ትፈልጋለች። ወዴት ትሂድ?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቅርስን የሚነኩ የትምህርት ክፍሎች አሉ። የአርኪዮሎጂና ቅርስ አስተዳደር አለ። ልደታ ያለው ሕንፃ ኮሌጅ የሕንፃና የከተማ ቅርስ ጥበቃን በማስተርስ ያስተምራል። ፊሎሎጂ አለ። ጂኦሎጂም አለ። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ በጥንታዊ አካባቢና በቅርስ ጥበቃ ላይ የሚሠራ ተቋም አለ። ስለዚህ «አገሪቱ ቅርስ አታስተምርም» ማለት ሐሰት ነው።

ችግሩ ልጅቷ ማስታወቂያውን ስታነብ ይጀምራል። «ተዛማጅ የትምህርት መስክ» የሚለው ሐረግ ጥያቄውን ይከፍታል እንጂ አይመልስም። ከምን ጋር የሚዛመድ? ሁለት መልስ ሊኖረው ይችላል። አንዱ «ከትምህርት ክፍላችን ስም ጋር የሚዛመድ» ነው። ሌላው «ልንፈታው ከምንፈልገው ችግር ጋር የሚዛመድ» ነው። በመጀመሪያው ሚዛን ኬሚስትሪ ከሥነ ሕንፃ ሩቅ ነው፣ ከአርኪዮሎጂም ሩቅ ነው፤ ልጅቷ ትወድቃለች። በሁለተኛው ሚዛን ግን ለሚፈርስ ድንጋይ ከኬሚስትሪ የቀረበ ማን አለ?

ሐረጉ ሳይተረጎም ሲቀር የሚወስነው ሰነዶቹን የሚያየው ሰው ይሆናል። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ መቶ ማመልከቻ አለ፤ ስሙ ከስም ጋር የገጠመለትን ማሳለፍ ይቀልለዋል። በዚህ መንገድ አንድ ሐረግ ያልታሰበ ፖሊሲ ይሆናል። አርክቴክቱ ከአርክቴክት ጋር፣ የታሪክ ምሩቁ ከታሪክ ምሩቅ ጋር ይማራል፤ ሁለቱ የሚገናኙት ከተመረቁ በኋላ፣ አንድ ግድግዳ ሥር ቆመው ሲከራከሩ ነው። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም።

ስህተቱ ዋጋ አለው

«እሺ፣ ይህ የቢሮክራሲ ጉዳይ ነው፤ ድንጋዩን ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። አገባው። ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ።

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ላሊበላን ከውሃ ለማዳን አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ሬንጅ ተቀቡ፣ ላዩም በቀይ ቀለም ተሸፈነ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ዝናብ እንዳይገባ መዝጋት። ነገር ግን ውሃ በላይ ብቻ አይገባም፤ በስንጥቅ ይገባል፣ ከሥርም ይሳባል። የገባው ደግሞ መውጣት አለበት። ላዩን ስትደፍኑት መተንፈሻውን ዘጋችሁት ማለት ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመሩት ቡድን ይህን ሽፋን ሲያነሳ ብዙ ደክሟል። ልብ በሉ፤ ሬንጁን የቀቡት ሰዎች ላሊበላን የጠሉ አልነበሩም። ያጡት ፍቅር ሳይሆን አጠገባቸው ሆኖ «ቆይ፣ ይህ ድንጋይ እንዴት ነው የሚደርቀው?» የሚል ሰው ነው።

ሁለተኛው ቅርብ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አምስት አብያተ ክርስቲያናትን የሚሸፍኑ አራት ግዙፍ መጠለያዎች ተተከሉ። ጊዜያዊ ይሆናሉ ተብሎ ነበር። ዝናቡን ከለከሉ፤ ይህ እውነት ነው። ግን አዲስ ጥያቄም አመጡ፦ የብረት እግሮቹ ክብደት ምን ላይ አረፈ? የላስታ ነፋስ ሲመታቸውስ? ለዘመናት ሲረጥብና ሲደርቅ የኖረ ድንጋይ ድንገት ሁልጊዜ ደረቅ ሲሆን ምን ይሆናል? በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የከተማዋ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ «ቅርሳችንን አድኑልን» አለ። በመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው ድጋፍ ለመስጠት ቃል ገቡ።

የውጭ ዕርዳታ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። የዓለም ቅርስ ነው፤ ዓለም ቢረዳ ደግ ነው። ግን አንድ ነገር ይቆጨኛል። ላሊበላ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመውም በዚያው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። እኩዮች ናቸው። አብረው ማደግ ሲገባቸው ጎን ለጎን አደጉ፤ አሁንም ትልልቁ የጥገና ንድፍ ከባሕር ማዶ ሲመጣ እናያለን።

ዝናብ ሲዘንብ ግቢው ዝግ ነው

ወደ ኮርሱ እንለፍ። እዚህ ጋ የሚገርመኝ አንድ ቀላል ነገር አለ፤ የቀን መቁጠሪያው።

በተለመደው የትምህርት ዘመን ትምህርት በመስከረም አካባቢ ይጀምርና በሰኔ አካባቢ ያልቃል። የመስክ ጉዞ ካለ ጥር ወይም ሚያዝያ ላይ፣ መንገዱ ደረቅ ሲሆን ነው። በላስታ ዋናው ዝናብ የሚጥለው መቼ ነው? ሐምሌና ነሐሴ። እንግዲህ የላሊበላ ድንጋይ ዋና ሕመም ውሃ ከሆነ፣ ተማሪው የሚጎበኘው በሽተኛውን ጤነኛ በሚመስልበት ወር ነው ማለት ነው። ሐኪም ወባን ትኩሳቱ በበረደ ሰዓት ብቻ እያየ ቢማር ምን ይባላል?

«ክረምት ማስተማር አይቻልም» እንዳይባል ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የክረምት መርሃ ግብርን ከድሮም ያውቁታል። ስንት መምህር ነው በየክረምቱ ሻንጣውን ይዞ እየሄደ ዲግሪውን የጨረሰው! አሠራሩ አለ። የጎደለው አሠራሩን ለድንጋዩ ማዋል ነው።

ቴሲሱም ይተች። ቴሲስ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለሳይንስ ልውውጥ ይጠቅማልና በዚህ አልከራከርም። ግን ከተከላከሉት በኋላ የት ይሄዳል? መደርደሪያ ላይ። ስለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሁለት ዓመት የደከመ ተማሪ፣ ያገኘውን ለዚያው ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ በሚገባቸው ቋንቋ አምስት ገጽ እንዲጽፍ አይገደድም። ጣሪያውን በየቀኑ የሚያዩት ሰዎች ስለ ጣሪያቸው የተጻፈውን አያነቡም። ይህ ለእኔ ከውጤት ገደቡ ይልቅ የሚያሳስብ ነገር ነው።

ጎረቤቱ ዋድላ እንዴት ያስተምር ነበር?

«ልዩ ትምህርት» ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ከላስታ አጠገብ ዋድላ አለ። ከጎጃሞቹ ዋሸራና ጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ ቤት ነው። ለቅዳሴ ደግሞ እዚያው ወሎ ውስጥ ሰለልኩላ አለ። ለድጓ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ። ተማሪው ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሩ ይጓዛል። አንድ ቦታ አንድ ሙያ፤ ይህ የዛሬው ማስተርስ ሐሳብ አይደለም እንዴ?

የመግቢያ መስፈርቱን ደግሞ እዩት። የቅኔ መምህሩ «ከየትኛው ደብር መጣህ?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ፤ የሚወስነው ግን ንባብና ዳዊት መቻሉ ነው። የሚፈተሸው ለቀጣዩ ሥራ የሚያስፈልገው ችሎታ ነው፤ የቀድሞው ቤት ስም አይደለም። ኮርሱስ? ተማሪው ትልቁን መወድስ በስምንት ቤት ከመድፈሩ በፊት በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። በየቀኑ የራሱን ይቆጥራል፣ መምህሩ ፊት ያቀርባል፣ እዚያው ይታረማል። ሥራ የሚጀመረው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ሁለተኛ ዓመት አይጠበቅም። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ማስመስከር» አለ፤ ዕውቀቱ በሚያውቁት ፊት ይፈተናል።

ይህን ስል የአብነት ትምህርት ቤቱን ገነት ላደርገው አልፈልግም። ተማሪው ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ነው የተማረው። ሴቶች ከጥቂቶች በቀር አልገቡበትም። ያቺ የላስታዋ የኬሚስትሪ ልጃችን እዚያ በር ላይም ላትገባ ትችል ነበር። የምንወስደው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የመግቢያ ጥያቄው «ለሚቀጥለው ሥራ የሚያስፈልገውን ትችላለህ ወይ?» መሆኑና የሥራው ልምምድ ከመጀመሪያው ቀን መጀመሩ።

እጅስ?

በሰሜን ወሎ ዛሬም ዓለት ፈልፍለው አዲስ ቤተ ክርስቲያን የሚሠሩ አባቶች አሉ። መሮው ሲያርፍ የሚሰማውን ድምፅ ሰምተው ድንጋዩ ውስጡ ባዶ መሆኑን ይለያሉ። ይህ ዕውቀት ነው። ግን ክሬዲት አወር የለውም።

በቴክኒክና ሙያ በኩል የብቃት ማረጋገጫ ምዘና፣ ሁላችን ሲኦሲ የምንለው፣ ሰውን በተግባር ይመዝናል፤ ግንበኛው ይገነባል፣ መዛኙ ያያል። ዩኒቨርሲቲው ግን ይህን ዓይነት ሰው እንደ ተማሪም እንደ አስተማሪም የሚቀበልበት በር ጠባብ ነው። ድንጋይ ፈልፋዩ ማስተርስ ይሰጠው አላልኩም። ግን የቅርስ ጥበቃ ተማሪ አንድ ወር ከእሳቸው ሥር ቢሠራና ምዘናው ቢቆጠርለት የማን ደረጃ ዝቅ ይላል? በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል የዓለም ሐውልቶች ፈንድ ጥገና ሲያካሂድ የአካባቢውን ሰዎች አብሮ አሠልጥኗል። ይቻላል ማለት ነው።

ሌላው ዓለም በሩን የት አጠበበው?

በ1976 እ.ኤ.አ. ሁለት ነገር ተጀመረ። ቬኒስ ላይ የድንጋይ ጥበቃ ዓለም አቀፍ ኮርስ ተከፈተ፤ መቀመጫውን ሮም ያደረገው ኢክሮም ከሚሳተፍባቸው አንዱ ነው። አርክቴክቱን፣ ኢንጂነሩን፣ ሳይንቲስቱንና የጥገና ባለሙያውን አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ ሆን ተብሎ። በዚያው ዓመት በቤልጂየም ዛሬ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚገኘው የሬይሞንድ ለሜር ማዕከል ሥራ ጀመረ። እሱም አርክቴክትን፣ መሐንዲስን፣ አርኪዮሎጂስትንና የጥበብ ታሪክ ምሩቅን አደባልቆ ይቀበላል። በ1993 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሐውልቶችና የቅርስ ቦታዎች ዓለም አቀፍ ምክር ቤት፣ ኢኮሞስ፣ ኮሎምቦ ላይ ባጸደቀው የሥልጠና መመሪያ ቅርስ ጥበቃ የብዙ ሙያዎች የጋራ ሥራ መሆኑን አስፍሯል።

እነዚህ በሮች ሰፊ ናቸው ማለት ግን ልቅ ናቸው ማለት አይደለም። የሚጠቡት ሌላ ቦታ ነው። አመልካቹ የሠራውን ያሳያል፤ ለምን እንደመጣ ይጽፋል። ከገባ በኋላ የራሱ ያልሆነውን ሙያ ቋንቋ ለመማር ይገደዳል። ጥብቀቱ ከዲግሪው ስም ወደ ሥራው ተዛወረ።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

እኔ ብጠየቅ አራት ነገር እላለሁ።

አንድ፣ «ተዛማጅ» የሚለው ይተርጎም። ማስታወቂያው «ጂኦሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ሥነ ሕንፃ፣ ሲቪል ምህንድስና፣ ታሪክ፣ ፊሎሎጂ…» ብሎ ይዘርዝር። ያኔ የሚወስነው የአንድ ሰው ድካም ሳይሆን የተጻፈ መስፈርት ይሆናል።

ሁለት፣ ለየመጣንበት የማሟያ ኮርስ ይኑር። ኬሚስቷ ሥዕልና መለካት ትማር፤ አርክቴክቱ ስለ ጨውና ስለ ሸክላ ይማር። አንድ ሴሚስተር ይበቃል። ይህ መሐሪነት አይደለም፤ እንዲያውም ከአሁኑ የከበደ ነው። ዛሬ አርክቴክቱ ስለ ጨው ሳይጠየቅ ሊመረቅ ይችላል።

ሦስት፣ ቢያንስ አንድ ክረምት ድንጋዩ ሥር ይለፍ። ውሃው ሲገባ ማየት፣ መለካት፣ ካህኑንና ፈልፋዩን መጠየቅ።

አራት፣ ቴሲሱ ያለ አማርኛ ማጠቃለያ አይጽደቅ፤ ማጠቃለያውም ለባለቤቶቹ ይድረስ።

ገንዘብስ? አዎ፣ ያስከፍላል። ሰላምም ያስፈልጋል። በ2021 እ.ኤ.አ. ላሊበላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ እየተቀያየረች ስትከርም፣ ከዚያም ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ለአንድ ፈተና ወልድያ ወይም ባሕር ዳር መድረስ ራሱ ፈተና ሆኗል። ትራንስክሪፕት ይህን አይጽፍም። ግን ከአራቱ መካከል የመጀመሪያው ከአንድ ስብሰባና ከአንድ ብዕር በላይ አያስከፍልም፤ ከእሱ መጀመር ይቻላል።

ለእናንተ

ይህን የምታነቡ ምናልባት 12ኛ ክፍል ናችሁ፣ ወይም ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት። ማስተርስ ሩቅ ይመስላል። ግን ማስታወቂያ ማንበብን ከአሁኑ ልመዱ። ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህ ትምህርት የትኛውን ችግር ሊፈታ ነው? እኔ የማውቀው ለዚያ ችግር ምን ይረዳል? የጎደለኝን የሚያስተምረኝ ኮርስ ውስጡ አለ? መልሱን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ የትምህርት ክፍሉን ማነጋገር ትችላላችሁ። «የእኔ መስክ ከዝርዝራችሁ የለም፤ ግን ከችግራችሁ ጋር የሚዛመደው እንዲህ ነው» ማለት ልመና አይደለም፣ ክርክር ነው። አንዳንዴ ያሸንፋል። ባያሸንፍም ሰነዶቹን የሚያየው ሰው ጥያቄውን አንዴ ሰምቶታል።

እስከዚያው አንድ ሙከራ ሥሩ። ከመንገድ ዳር የቀይ አሽ ቁራጭ አንሱ። ፀሐይ ላይ በደንብ ካደረቃችሁ በኋላ በሱቅ ሚዛን መዝኑት። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ ጠዋት ላዩን ጠርጋችሁ እንደገና መዝኑት። ልዩነቱ ድንጋዩ የጠጣው ውሃ ነው። ከዚያ ግማሹን ገጽ በሰም ሸፍናችሁ እንደገና አርጥቡትና በየሰዓቱ እየመዘናችሁ ለመድረቅ ምን ያህል እንደፈጀ ካልተሸፈነ ቁራጭ ጋር አወዳድሩ። ውጤቱን ስታዩ የ1950ዎቹ ሬንጅ ምን እንዳደረገ ይገባችኋል።

ይህን ለማወቅ የየትኛው ትምህርት ክፍል ተማሪ መሆን ነበረባችሁ? ማንም አልጠየቃችሁም፤ ድንጋዩም አይጠይቅም።